ግራ እጅ ያወጣ ሁሉ

ግራኝ ነኝ። ይኼን ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ሹክ ከሚላችሁ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ የትምወርቅ በግራዬ እንዳልበላ እየቆነጠጠች አስተወችኝ፤ መጻፉን ግን አልቻለችኝም። አሁንም ጠመኔ የምይዘው በግራዬ ነው፤ ያውም በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል ልጆች ፊት ቆሜ።

ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተራችን ቢሮው ጠራኝ። «ሉሊት፣ ኢንስፔክሽን ሊመጣብን ነው። ዴስክ ከጎረቤት ትምህርት ቤት እንዋስና ያንቺን ክፍል እናሳምረው። ልጆቹንም ትንሽ አለማምጃቸው፤ ታውቂው የለ እንዴት እንደሚደረግ» አለኝ።

«አውቀዋለሁ። አላደርገውም» አልኩት።

«አላደርገውም ማለት ምን ማለት ነው?»

«አላደርገውም ማለት ነው።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ደነገጠ እንጂ አልተቆጣኝም። እኔም ወጣሁ። እምቢታው ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሱ አልነበረም።

ትምህርት ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ መኪና ካወረዳችሁ በኋላ በእግር ቁልቁል የሚኬድበት ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሦስት የጭቃ ክፍሎችና አንድ ዳስ ነበረን። ዳሱ የሁለተኛ ክፍል ነው። ዝናብ ሲጥል ሁለተኛ ክፍል በሙሉ እየተንጫጫ እኛ ላይ ይገባል፤ ትምህርት ይቆማል፤ እኛም ደስ ይለን ነበር። የምንቀመጠው በጭቃ መደብ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ መደቡ እርጥበት ይይዝና የሁላችንም ቀሚስና ሱሪ በስተኋላ አፈር እንደያዘ ወደ ቤት እንሄዳለን። ትምህርት ቤት ማለት እንዲህ ያለ ቦታ ነው ብዬ አስብ ስለነበር አንድም ቀን ጎደለ ብዬ አላውቅም።

እናቴ ይታይሽ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ስትደውል የጤናዬን ነገር አክስቴን ትጠይቃለች፤ እኔን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ትምህርት አለ?» አለ ስላት ትንፋሿ ሲወጣ ይሰማኛል። «እሱን ብቻ እንዳትለቂብኝ» ትለኛለች።

አንድ ማታ ዳይሬክተሩ ጋሽ ይሄነው እኛ ቤት መጡ። የአክስቴ ባል ጋሼ ንጉሡ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለነበር ትምህርት ቤቱን የሚመለከት ወሬ ሁሉ እኛ ቤት ነው የሚወራው። መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንቤ የተኛሁ መስዬ አዳምጣለሁ።

«ኢንስፔክሽን በአሥራ አምስት ቀን ይመጣል። ዘንድሮም ደረጃ አንድ፣ የመጨረሻ ዝቅተኛው፣ ካሉን አለቀ፤ ይዘጋል። ልጆቹ ማዶ ነው የሚማሩት» አሉ ጋሽ ይሄነው።

«ገደሉን ተሻግረው?» አለ ጋሼ ንጉሡ።

«እንግዲህ።»

«ወንዶቹስ ይሁን። ሴቶቹን ማን ይልካል?»

አክስቴ የያዘችውን ነገር ስታስቀምጥ ሰማኋት። «ሉሊት ቤት ልትውል ነዋ» አለች። እኔ ጋቢው ውስጥ ሆኜ የናቴን ጥያቄ ሰማሁት፤ «ትምህርት አለ?» የለም ብዬ ስመልስላት ታየኝና ጋቢውን ነከስኩት። በዚያች ማታ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ይቺ ትምህርት ቤት አትዘጋም ብዬ ወሰንኩ። ማን ጠየቀሽ እንዳትሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ሠርግ ነው የሚለው። ሀገራችን እንግዳ ሲመጣ ባዶ ቤቱን አያሳይም፤ ከጎረቤት ተውሶ ይሸፍናል፤ ጎረቤትም በሌላ ቀን ይዋሳል። ኢንስፔክተሮቹም እንግዳ ናቸው፤ ስለዚህ እንደ እንግዳ ተጠበቁ። ለለቅሶም ለሠርግም የምንቀመጥበት የቅሬው፣ የእድራችን፣ ድንኳን መጥቶ ዳሱ ላይ ተጣለ። ከሚቀጥለው ቀበሌ ትምህርት ቤት ዴስክ ተዋስን፤ ሸህ ሃሩንና መሪጌታው ፊትና ኋላ ሆነው አንዱን ዴስክ በትከሻቸው ሲያመጡ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። «አይዞን፣ አብሽሩ» እየተባባሉ ነው ቁልቁለቱን የወረዱት። መጸዳጃው ላይ «የሴቶች» ተብሎ ተጻፈ። እስከዚያ ድረስ የማንም ነበር።

ዴስኮቹ አንድ ጣጣ ነበራቸው። መደገፊያቸው ላይ የባለቤቱ ትምህርት ቤት ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ቀለም መቀባት ነውር ነው፤ የሰው እቃ ነዋ። ስለዚህ ጀርባችንን ስሙ ላይ ለጥፈን እንድንቀመጥና ተጠርተን ካልሆነ እንዳንነሳ ታዘዝን።

በዚህ ሁሉ ግርግር ፊቷን ያጠቆረች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ የኛ አስተማሪ፣ ቲቸር ሀጀራ። ቀጭን፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ሳቋ በቀላሉ የማይገኝ ሴት ነበረች። ዴስኩ ሲወርድ መሀል ሜዳው ላይ ቆማ፣ «ሐኪም ሲመጣ ቁስላችሁን በነጠላ ትሸፍናላችሁ?» አለቻቸው።

አክስቴ እቤት ገብታ ልትረጋጋ አልቻለችም። «እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም? ምን ዓይነት ሰው ናት? ይዘጋላትና ከተማዋ ልትገባ ነው፤ ሌላ ምን አላት?» አለች። ቲቸር ሀጀራ የመካነ ሰላም ልጅ ነበረች። ለኔ ነገሩ በዚያው ተቋጨ፤ ጠላታችን ተገኘች።

ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ጋሽ ይሄነው ክፍላችን ገቡ። «ነገ ጥያቄ ሲጠየቅ ሁላችሁም እጃችሁን ታወጣላችሁ። አንድም ሰው እጁን አጣጥፎ እንዳላይ። የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን። ገባችሁ? ቲቸር ቀኝ ያወጣውን ብቻ ትጠራለች» አሉ። ከዚያ አለማመዱን። ክፍሉ በሙሉ እጅ ሆነ፤ ያምር ነበር፤ አልዋሽም።

አጠገቤ የሚቀመጠው ሙሐሲን፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጠው፣ «ጋሼ፣ ግራኟስ?» ብሎ አሳቀብኝ።

«ሉሊት ለነገ ቀኝ እጅ ይኑራት» አሉ ጋሽ ይሄነው። እሳቸውም ሳቁ።

ቲቸር ሀጀራ አልሳቀችም። ልጆቹ ሲወጡ አስቀረችኝ። «ሉሊት፣ ነገ እጅሽን አታውጪ» አለችኝ።

«ግራዬን ነው ቲቸር?»

«ሁለቱንም። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም።» ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ጋሽ ይሄነው በር ላይ ብቅ ሲሉ ግን ተወችው። «ሂጂ በቃ» አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ገባሁ። በግራ እጄ አፍራብኛለች ብዬ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከሷ ጥያቄ አንዱም ያመለጠኝ የለም፤ ይኼን ደግሞ እሷ ታውቃለች። እንግዲያው የምትደብቀኝ በእጄ ካላፈረች በምን ልታፍር ነው? በንዴት እራቴን አልበላም አልኩ፤ አክስቴ ግን ምን እንደሆንኩ ብትጠይቀኝም አልነገርኳትም።

ኢንስፔክተሮቹ በነጋታው መጡ፤ መጀመሪያ ድንኳኑ ስር በግ ቀመሱ፤ ከዚያ ክፍላችን ገቡ። ዋናው አቶ ዋለ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰውዬ ናቸው። ከኋላ ተቀመጡ። ጋሽ ይሄነው በመስኮቱ በኩል ቆሙ። ቲቸር ሀጀራ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክፍልፋይ ጻፈች፤ ሦስት አራተኛ እና ሁለት ሦስተኛ። «የቱ ይበልጣል? ለምን?» አለች።

እጅ በእጅ ሆነ። ቀኝ ያወጡት ትንሽ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ጎረቤታቸውን አይተው ነው። ክፍሉ ግራ በግራ ነበር። ቲቸር ሀጀራ ቀስ ብላ አየችንና፣ «ሙሐሲን» አለች።

ሙሐሲን ግራ እጁን ነበር ያወጣው። ተነሳ። ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ዝም።

«ተቀመጥ። እሺ አንቺ» አለች፤ ሌላ ግራ። ዝም። «አንተ» አለች፤ አሁንም ግራ። ጋሽ ይሄነው በመስኮቱ ቀኝ እጃቸውን እያወዛወዙ ምልክት ይሰጣሉ፤ ቲቸር ሀጀራ ወደዚያ ዘወር ብላ አላየችም። አቶ ዋለ መነጽራቸውን አውርደው መጻፍ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ጠላታችን ትምህርት ቤቱን ዓይናችን እያየ ስትዘጋው ታየኝ። ገደሉ ታየኝ። አክስቴ ደጅ ቁጭ ብዬ ስውል ታየኝ። ስልኩ ሲጮህ ታየኝ። እጄ ወጣ፤ ግራዬ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም። ቲቸር ሀጀራ አየችኝና አለፈችኝ። ተነሳሁ። ስነሳ ሙሐሲን ፈጠን ብሎ ወደኔ ቦታ ተንሸራተተና ቀዩን ጽሑፍ በትከሻው ሸፈነልኝ።

«ቲቸር፣ እኔ» አልኩ።

«ተቀመጪ ሉሊት።»

«ተዪያት እስቲ፣ ትሞክር» አሉ አቶ ዋለ ከኋላ።

ሄድኩ። ጠመኔውን በግራዬ ያዝኩ። እኩል የሆኑ ሁለት ድፎ ዳቦ ሣልኩ፤ አንዱን አራት ቦታ፣ አንዱን ሦስት ቦታ ቆረጥኩ። ከያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራሽ አነሳሁና፣ «የቀረው ነው የሚጠየቀው። ከዚህ የተነሳው ቁራሽ ትንሽ ነው፤ ከዚያ የተነሳው ትልቅ ነው። ትንሽ የተነሳበት ብዙ ይቀረዋል። ሦስት አራተኛ ይበልጣል» አልኩ። አቶ ዋለ አጨበጨቡ። ልጆቹም አጨበጨቡ፤ ሙሐሲንም።

ቲቸር ሀጀራ አላጨበጨበችም። ፊቷን ወደ ሰሌዳው መልሳ ዳቦዎቼን ቀስ እያለች ጠረገቻቸው። ተሸነፈች አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ።

በር ላይ ሲወጡ አቶ ዋለ ለጋሽ ይሄነው ሲናገሩ ሰማሁ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ጠርጥሬ ነበር። የማያውቀውን ግራ እጅህን አውጣ የሚሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ግን ይቺ ልጅ በግራ አውጥታ እንዲህ ስትመልስ ጥርጣሬዬን አፈረሰችው» አሉ። ጋሽ ይሄነው ትከሻዬን ጨመቁት።

ደረጃ ሦስት ሆንን። ጋሼ ንጉሡ ትምህርት ቤቷን ያዳነች ልጅ እያለ በየገበያው አወራልኝ። እናቴ ስልኩ ላይ አለቀሰች። ዴስኮቹ በማግሥቱ ወደ ባለቤታቸው ተመለሱ፤ እኛም መደባችን ላይ ተመለስን። ዓመቱ ሲያልቅ ጋሽ ይሄነው ወደ ከተማ ተዛወሩ፤ ቲቸር ሀጀራ ደግሞ ወደ ወግዲ ቆላ። የሥራዋን አገኘች አለች አክስቴ። እኔም አልኩ።

ይኼን ታሪክ እስከ መምህራን ኮሌጅ ድረስ እንዲሁ ነበር የማወራው። ጀግናዋ እኔ፣ ክፉዋ እሷ። ኮሌጅ ሳለሁ ለማስተማር ልምምድ ወግዲ ሲመድቡኝ ግን የተመደብኩበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት አገኘሁ። ሽበት ጀምሯታል። ወዲያው ለየችኝ፤ ጠመኔ ስይዝ አይታ ነው።

«ግራኟ» አለችኝ። ቤቷ ወሰደችኝ። ሻይ እየጠጣን ሳለ አላስቻለኝም፤ «ለምን ነበር እንዳልናገር የከለከሉኝ?» አልኳት።

«ይዘጋል ብለውሽ ነበር አይደል?»

«ደረጃ አንድ ከሆንን ይዘጋል ተብሏል። ጋሽ ይሄነው ሲናገሩ ሰምቻለሁ።»

«ማንም ይዘጋል አላለም። ይሄነው ሰው እንዲነሳለት የፈጠረው ወሬ ነው፤ ከተማ ለመግባት ጥሩ ውጤት ያስፈልገው ነበር። በዚያ ዓመት በወረዳው የሚሠራው አዲስ የመማሪያ ክፍል በደረጃ ከታች ለቀሩት ትምህርት ቤቶች ነበር የተመደበው። ከታች ነበርን። እስከዚያ ቀን ድረስ» አለች።

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩት። ዳሱን አሰብኩት፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ስደርስም እዚያው ነበር።

«በግራ እጄ ያፈሩብኝ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

«በእጅሽ?» እውነቷን ደነገጠች። «ልጄ፣ በዚያ ክፍል ካንቺ በስተቀር የሚመልስልኝ አልነበረም። አንድ ልጅ ሲመልስ ክፍሉ በሙሉ ያወቀ ይመስላል። ሌሎቹ ሁሉ ከኋላሽ ተደበቁ። መጋረጃ አደረጉሽ። መጋረጃውን ላነሳ ነበር።»

«እና እኔ ዝም ልበል?»

«ለአንድ ቀን።»

«ቲቸር፣ እኔ መጋረጃ አልነበርኩም። ጥያቄ ጠየቁ፣ አውቀው ነበር፣ መለስኩ። ልጅ ስላወቀች ዝም በይ አትባልም። ለሐቅም ቢሆን» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ዛሬ ካስተማሩኝ ሁሉ አብልጬ የምወዳትን ሴት በቤቷ እየተቆጣኋት እንደሆነ ያወቅሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ቲቸር ሀጀራ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «ይኸው ነው እንግዲህ። እኔ የማውቀው ያንን ብቻ ነበር። አንቺ የሚሻል ካለሽ አድርጊው» አለችኝ። ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። በሩ ላይ ስንለያይ ግን፣ «ሙሐሲንስ?» አለችኝ። የት እንዳለ አላውቅም ነበር።

አሁን አውቃለሁ። ሙሐሲን በዚያው ዓመት ትምህርቱን ተወ፤ በጂቡቲ በኩል ሳዑዲ ገባ፤ ታስሮ ተመለሰ፤ አግብቶ እዚሁ ያርሳል። ስልኩ ላይ መልእክት ሲመጣለት የሚያስነብበው እኔን ነው። ልጁ ፋጢማ አንደኛ ክፍል፣ የኔ ክፍል ናት። ምርመራ ሊመጣ መሆኑን ሰምቶ ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ ቤቴ ቆመ።

«ቀኝና ግራውን ትነግሪያቸዋለሽ?» አለኝ።

«አልነግርም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ «ሉሊት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትስቂ። ያኔ የቱ ነበር የሚበልጠው?» አለኝ።

ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ያ የክፍልፋይ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ሁላችንም አጨብጭበን ወጣን፤ በማግሥቱ ሌላ ትምህርት ነበር፤ ለሙሐሲን ተመልሶ ያስረዳው ሰው አልነበረም። እኔም አላስረዳሁትም፤ አጠገቡ እየተቀመጥኩ። ይኼ ሁሉ ዓመት ጥያቄውን ይዞት ኖሯል። እንጨት አንስቼ መሬቱ ላይ ሁለት ዳቦ ሣልኩለት። ቁጢጥ ብሎ አየ። ቁራሾቹን በጣቱ ነካካቸው። «ይኼው ነው?» አለ። «ይኼው ነው» አልኩት። «ወላሂ ቀላል ነበር» ብሎ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ደጃፍ ብዙ ሰዓት አልተነሳሁም።

ክፍሌ ውስጥ ልጆቹን ያለማመድኩት አንድ ነገር አለ፤ ከመስከረም ጀምሬ ነው፣ ለምርመራ ብዬ አይደለም። ያልገባው ልጅ «አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» ይላል። ይኼን ያለ ልጅ አይሳቅበትም፤ የሳቀ ከኔ ጋር ነው ጉዳዩ። መጀመሪያ ያፍሩ ነበር። አሁን አፋቸውን ሞልተው ነው የሚሉት፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያበዙብኛል።

ትናንት ኢንስፔክተሮቹ መጡ። ዴስክ አልተዋስንም። ዳይሬክተራችን እስከ መጨረሻው እየለመነኝ ነበር፤ እምቢ እንዳልኩ ቀረሁ። ልጆቹ መደባቸው ላይ፣ ከፊሎቹም ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ሥዕል አልለጠፍኩም። ወጣቷ ኢንስፔክተር ከኋላ ቆማ ትንሽ ካየችን በኋላ ራሷ ልትጠይቅ ፈለገች። ፋጢማን መረጠች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰሌዳው ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቢ፣ ከዚያ ውስጥ የስም ቃሉን አውጪልኝ አለቻት፤ ፈጠን ፈጠን ብላ፣ የኮሌጅ ቋንቋ ቀላቅላ።

ፋጢማ ተነሳች። ሰሌዳውን አየች። ዝም አለች። በበሩ በኩል ዳይሬክተራችን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አነሳች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን እጄ ሊወጣ፣ አፌ ሊመልስላት ተናነቀኝ። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ፋጢማ እጇን አወጣች። የቱን እጇን እንደሆነ አላየሁም።

«አልገባኝም። ድገሙልኝ» አለች።

ኢንስፔክተሯ ወደኔ ዞረች፤ ልጅቷን እንድቆጣት ነው መሰለኝ የጠበቀችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች። ምን እንደምትጽፍ አውቃለሁ። ደረጃችን ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ።

«ይጻፉት፣ አይቅርብን» አልኳት። «ግን መጀመሪያ ይድገሙላት። ልጅቷ ቆማ እየጠበቀችዎት ነው።»